ዋይፋዩ የጠፋ ሰሞን

መቱ ላይ ሰማይ ሲያጉረመርም ሰው የሚያደርገው የታወቀ ነው። የተሰጣ ልብስ ማስገባት ኋላ ይደርሳል፤ አስቀድሞ ሶኬት ይነቀላል። ከጌታሰው ፎቶ ቤት ጀርባ የሚኖሩት እትዬ በየነች «ንቀሉ! ኧረ ንቀሉ!» ብለው አንዴ ከጮኹ፣ ጥሪው ከግቢ ወደ ግቢ እየተቀባበለ እስከ ታችኛው ሰፈር ይወርዳል፤ ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅ፣ የፀጉር ቤት ካስክ ሁሉም ጭጭ ይላል። መብረቅ የስንቱን ዕቃ እንደበላ ያገሬው ሰው ያውቃልና ነቃዩን የሚወቅስ የለም። ጌታሰውም በዚያ ክረምት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንደ ደንቡ ሮጦ ነቀለ። የነቀለው ግን ኮምፒውተሩ ወደ አዲሱ ዊንዶውስ እየተሻገረ፣ «እባክዎ እንዳያጠፉኝ» የሚል ጽሑፍ አውጥቶ በሚማጸንበት ሰዓት ነበር።

«አታጥፉኝ አለ እኮ» አለች ሚስቱ ሻሽቱ፣ ስክሪኑ ሲጨልም እያየች።

«መብረቁ እሱን አስፈቅዶ አይወርድ!» አለ ጌታሰው፤ በጥንቃቄውም ትንሽ ኮራ።

ዝናቡ አባርቶ መልሶ ሲሰካው ኮምፒውተሩ ጥቂት አቃሰተና ተነሣ። እንዲያውም አምሮበት ነበር የተነሣው፤ መልኩ ተለውጧል፣ ምልክቶቹ ከጥግ ወደ መሐል መጥተዋል። ጌታሰው ፈገግ ብሎ ወንበሩን ሳበ። ከዚያ ከታች ወደ ቀኝ፣ ሁልጊዜ የተዘረጋች ማራገቢያ መስላ የምትታየውን የዋይፋይ ምልክት ፈለጋት። የለችም። አፍንጫው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠግቶ ፈለጋት፤ የለችም። ለሌላ ሰው ቢሆን ይኼ የአንድ ቀን ብስጭት ነው። ለጌታሰው ግን የልጁ አንደበት ነበር የተዘጋው።

ጌታሰው በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ሰፋሪ ጋር በጭነት መኪና ተጭኖ ዳሪሙ ገጠር ሲወርድ ገና የወተት ጥርሱን ያልጨረሰ ልጅ ነበር። ኦሮምኛ አንድ ቃል አያውቅም። የጎረቤት ልጆችም አማርኛ አያውቁም። መራቡን ሆዱን ይዞ፣ ወንዝ መውረድ ሲፈልግ እጁን እያወናጨፈ፣ ተንኮል ሲያስብ ዓይኑን እየጠቀሰ ከነሱ ጋር ተግባባ፤ ቋንቋው ኋላ መጣ። ጎልማሳ ሆኖም ሲያወራ እጁ ከአፉ ይቀድም ነበር። መቱ ገብቶ ከአንድ አዛውንት ፎቶ አንሺ ዘንድ ሙያውን ተማረ፤ አዛውንቱ ሲያርፉ ካሜራውንም ደንበኛውንም ወረሰ። የከተማው ሰው ግማሹ መታወቂያው ላይ የተኮሳተረው በጌታሰው እጅ ነው።

ሻሽቱንም ያገኛት በዚሁ ሥራ ነው። ከጎረቤት ከተማ ከሁሩሙ ለፈተና መመዝገቢያ ፎቶ ልትነሣ መጣች፤ ፍላሹ ሲበራ ዓይኗን ጨፈነች። ደግሞ አነሣት፤ ደግማ ጨፈነች። እሱ ፊልሙን ጨርሶ በማግስቱ እንደገና እንድትመጣ ቀጠራት። እስከ ዛሬ ድረስ «ሆን ብላ ነው የጨፈነችው» ይላል፤ እሷ ደግሞ «ካሜራው ባዶ ነበር፣ ፊልም አልነበረበትም» ትላለች። የትኛው እውነት እንደሆነ መንደሩ አልቆረጠለትም።

ከዚህ ትዳር የተገኘችው አንዲት ልጅ ዬሮሳን ናት። አራት ዓመቷ ላይ ማጅራት ገትር ይዟት በስንት መከራ ተረፈች። ከሆስፒታል በወጣች ሰሞን ሰማዩ ተሰነጠቀ ሊባል እስኪደርስ ነጎደ፤ እትዬ በየነች ጮኹ፣ ሻሽቱ ደነገጠች፣ ዬሮሳን ግን ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ቆርኪዎቿን መደርደሯን ቀጠለች። ቀና እንኳን አላለችም። ባልና ሚስት ተያዩ። ጆሮዋ መሄዱን ያወቁት ያን ጊዜ ነው።

ጌታሰው አለቀሰ፤ ብዙ አለቀሰ። ከዚያ ልቅሶው ሲሰለቸው ልጅ ሳለ የሚያውቀውን ሙያ አወጣ። ወለሉ ላይ ከልጁ ፊት ለፊት ተቀምጦ በእጅ ቃል መፍጠር ጀመረ። ጣትን መላስ «ሁሩሙ» ሆነ፤ የአያቷ ማር እዚያ ነዋ። አንድ ዓይን መጨፈን፣ ካሜራ ሲያይ እንደሚያደርገው፣ «አባባ» ሆነ። መዳፍን ደረት ላይ ማሳረፍ «እሺ»፣ ከዓይን ሥር ጣት ማስቀመጥ ደግሞ «እውነቱን ንገረኝ»። ቆይታ ነቀምቴ ትምህርት ቤት ስትገባ እውነተኛውን የምልክት ቋንቋ ለምዳ መጣችና አባቷንም አስተማረችው። ግን ቤት ውስጥ ሁለቱ ሲያወሩ ያ የወለሉ ቋንቋ እየገባ ይቀላቀላል። ሻሽቱ ግማሹን ትይዛለች። ከሦስቱ ሌላ መቱ ላይ የሚያውቀው የለም።

አሁን ዬሮሳን እዚያው ነቀምቴ እንደሷ የማይሰሙ ሕፃናትን ታስተምራለች። ጌታሰው ደግሞ ስኳር ዓይኑን ነክቶታል። በእጅ ስልክ ሊያያት ሞክሮ ጣቶቿ እንደ ጉንዳን ሲርመሰመሱ አንድም ቃል ሳይለይ ቀረ። ስለዚህ ነው ፎቶ ቤቱ ውስጥ ትልቁ ስክሪን ላይ ካሜራ የሰካው። በምሳ ሰዓት በሩን ገርበብ አድርጎ ይቀመጣል፣ እሷም ልጆቿን ለምሳ ትለቅና ትመጣለች። ቋንቋቸው በዚያ ስክሪን ላይ ነው የሚኖረው።

ዋይፋዩ የጠፋው ደግሞ በክፉ ሰዓት ነበር። ኮምፒውተሩ ከመታደሱ በፊት በነበረው እሑድ የሰፈሩ ሽማግሌ ኦቦ ሰቦቃ ሁለት ሰዎች አስከትለው በማለዳ ደጅ ቆመው ነበር። «ግቡ» ቢባሉ «የመጣንበትን ሳንናገር አንገባም» አሉ፤ ይኼኔ ለጌታሰው ነገሩ ገባው። የላካቸው ኪቲላ ነው፤ ከዚሁ ሰፈር ያደገ፣ ኮሌጁ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን፣ እናቱን የሚጦር፣ ጭምት ልጅ። ዬሮሳን ለበዓል ስትመጣ ከሩቅ እያየ ኖሯል። ጌታሰው ፊቱን እንደ ወጉ አኮሳትሮ «ልጅቷን ጠይቄ ለሚቀጥለው እሑድ ላሰማችሁ» ብሎ ሸኛቸው። ልቡ ግን ጮቤ ረግጦ ነበር። ልጅቷ ካገባች መቱ ትመጣለች። መቱ ከመጣች ደግሞ እጇን በስክሪን ሳይሆን በቅርቡ፣ ጉልበቱ አጠገብ ያያል።

ሻሽቱ ያንኑ ዕለት በስልክ ጻፈችላት። ማታውን መልስ መጣ። «እሺ። እናንተ ካላችሁ እሺ።»

«በቃ!» አለች ሻሽቱ፤ እልል ልትል አፏን ከፍታ በእጇ ከደነችው።

«አልበቃም» አለ ጌታሰው።

«ምን ቀረ? እሺ አለች እኮ።»

«በጽሑፍማ መቼ እንቢ ብላ ታውቃለች? ያኔ ነቀምቴ ወባ ጥሏት ደህና ነኝ ብላ የጻፈችልን ረሳሽው? እጇን ልየው።»

ነገ ዛሬ ሲል፣ እሷም የፈተና ወረቀት ስታርም ሳይገናኙ ቀሩ፤ ከዚያ ሰማዩ አጉረመረመ፣ እሱም ነቀለ። እንሂድ እንዳይሉ የነቀምቴው መንገድ በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል።

ጌታሰው የሚችለውን ሁሉ ሞከረ። ኮምፒውተሩን አጠፋ፣ አበራ። ከኋላ የተሰካችውን የዋይፋይ መቀበያ፣ ያቺን ጥፍር የምታክል ዕቃ፣ ነቅሎ እፍ አለባት፣ በሸሚዙ ጠረጋት፣ በሌላኛው ቀዳዳ ሰካት። መስመር የሚያመጣውን ሳጥን ከግድግዳው አውርዶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው፤ የሳጥኑ መብራቶች ሁሉም ይበራሉ፣ እሱ ደህና ነው። ያወቀም ያላወቀም ምክር ለገሰው። ማተሚያ ቤት ያለችው አቢጋኤል አይታ «ይኼ ከኔ አቅም በላይ ነው» አለችና ጨመረች፣ «ይኼን ኪቲላ ነው የሚያውቀው።» የጠየቀው ሰው ሁሉ መጨረሻው ኪቲላ ሆነ።

የኪቲላ ስም በተነሣ ቁጥር ሻሽቱ ነጠላዋን ወደ አፏ ትስባለች። መልስ ሳይሰጠው ሙሽራ ነኝ ባይ የልጅቷ ወላጆች ደጅ መታየቱ ነውር ነው፤ ይኼ ያሮጌውም የአዲሱም ወግ ነው። ጌታሰውን የቆጠቆጠው ግን ሌላ ነው። ኪቲላን «እንቢ ልትልህ የምትችልበትን መንገድ ና ጥረግላት» ብሎ መለመን! ደግሞም፣ እውነቱን እንናገር፣ አንድ ክፉ ሐሳብ በውስጡ ትመላለስ ነበር። ዋይፋዩ እንደጠፋ ቢቀርስ? እሺ የሚለው ጽሑፍ በእጁ ነው፤ ማንም አይከሰውም። ልጁም ቤቷ ትመጣለች። ከዚች ሐሳብ ጋር ሁለት ቀን አደረ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ተነሥቶ ጫማውን አሠረ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ኮሌጁ በር ሄደ።

ኪቲላ ሲያየው እጁ ላይ የነበረውን ብሎን ጣለው።

«ጋሼ! ደህና አደሩ? ምነው፣ ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው ልጄ። ኮምፒውተሬ ታደሰና ዋይፋዩ ጠፋ።»

ኪቲላ ዙሪያውን አየ። «እኔ እንኳ… እርስዎ ጋ መምጣቴን ኦቦ ሰቦቃ ቢሰሙ…»

«ለሱቁ ሥራ ቢሆን ሰኞን እጠብቅ ነበር» አለ ጌታሰው። «ግን ነገ እሑድ ነው። እኔ ልጄን በዓይኔ ሳላያት፣ እጇን ሳላይ፣ ለማንም መልስ መስጠት አልችልም። ገባህ?»

ልጁ ገብቶታል። መሬት መሬት አየ። ከዚያ «እሺ ጋሼ፣ ጃንጥላዬን ላምጣ» አለ።

ቤት ሳይሆን ፎቶ ቤት ነው የገባው፤ ፎቶ ቤት ደግሞ የሕዝብ ነው ብለው ሁሉም ራሳቸውን አጽናኑ። የሻሽቱ ጭንቅ ሌላ ነበር። እንግዳን ያለ ምንም ነገር ማስቀመጥ ያሳቅቃታል፤ ማቅረብ ደግሞ መልስ የሰጡ ያስመስላል። በመጨረሻ አንድ ሳህን ቆሎ አምጥታ ባንኮኒው ላይ፣ ከልጁ ራቅ አድርጋ፣ ማንም ደንበኛ እንዲዘግን የተተወ አስመስላ አስቀመጠችው። ኪቲላ ገብቶት አንድ ፍሬ ሳይነካ ሥራውን ጀመረ።

የኮምፒውተሩን ዕቃዎች ዝርዝር ከፍቶ አየ። ከዋይፋይ መቀበያዋ ስም አጠገብ ቢጫ የማስጠንቀቂያ ምልክት ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ሲታደስ መብራት ጠፍቶ ነበር እንዴ?»

«አይ… እኔ ነቅዬው ነው።»

«ነጎድጓድ?»

«እትዬ በየነች ጮኹ።»

ኪቲላ ሳቀ። «እናቴም አንድ ጊዜ የኮሌጁን ሥራ እቤት ይዤ ብገባ ነቅላብኛለች። ማሎ፣ እባክዎ አይዘኑ። ዕቃዋ አልሞተችም። ኮምፒውተሩ አዲስ ቋንቋ ለምዶ ተነሣ፤ እሷ የምታውቀው የድሮውን ነው። የሚያስተረጉምላቸው ድራይቨር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ እሱ ሳይገባ ነው የተቋረጠው።»

«ከየት ይመጣል?»

«ከኢንተርኔት።»

«ኢንተርኔቱ ጠፍቶ?»

«እሱን ነው ከስልኬ የምንበደረው» አለና ስልኩን በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘው። ስልኩ የሳጥኑን መስመር በአየር እየያዘ በገመዱ ለኮምፒውተሩ ማጉረስ ጀመረ። በግማሽ የቀረውን ሥራ መመለስና እንደገና ማስጀመር ነበረበት፤ ስክሪኑ ያንኑ «እንዳያጠፉኝ» የሚል ልመናውን አወጣ። ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው እንደ ምጥ ጠባቂ ያፈጡበት ጀመር።

ሰማዩ ይኼኔ አጉረመረመ።

«ንቀሉ! ኧረ ንቀሉ!» አሉ እትዬ በየነች ከጓሮ። ከጎን ያለው ፀጉር ቤት ሬዲዮው ጸጥ አለ። ጌታሰው ሳያስበው ተነሥቶ ሶኬቱን ጨብጧል። ኪቲላ አየው፤ ግን «ተዉት» አላለም፣ «ይንቀሉ»ም አላለም። የቤቱ ጌታ እሱ ነው። ነጎድጓዱ ቀረበ፤ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ጌታሰው ያ ኮምፒውተር ከተቃጠለ ሌላ እንደማይገዛ ያውቃል። ነገ እሑድ መሆኑንም ያውቃል። እጁን ከሶኬቱ ላይ አነሣና በቁሙ አማተበ።

«መብረቁ የፈለገውን ያምጣ» አለ። «ጨርሰው።»

ዝናቡ ሲወርድ ቆይቶ ስክሪኑ ጠፍቶ በራ። ከታች በስተቀኝ ማራገቢያዋ ተዘርግታለች። ጌታሰው «ሻሽቱ!» ብሎ ሲጮህ ኪቲላ ገመዱን ጠቅልሎ ተነሣ።

«ወዴት ነው? ዝናብ ነው እኮ!»

«በረንዳው ላይ እሆናለሁ ጋሼ። ካሜራው ውስጥ እኔን ካየች ታፍራለች። ያሰበችውን አትነግርዎትም።» ወጥቶ በሩን ከበስተኋላው ገጠመው።

ሻሽቱ በስልክ ጽፋላት ዬሮሳን ስክሪኑ ላይ ስትመጣ ጌታሰው እንደ ልማዱ ተጠጋ። ሰላምታው ረጅም ነው፤ ስለ ጉንፋን፣ ስለ አያቷ፣ ስለ ንቀሉ። አስቃት። ከዚያ ጠየቃት። ዬሮሳን ፈገግ ብላ መዳፏን ደረቷ ላይ አሳረፈች። እሺ።

ጌታሰው ጣቱን ከዓይኑ ሥር አስቀመጠ።

እጆቿ ጭኗ ላይ ወረዱና ዝም አሉ። ሻሽቱ ከኋላ «ምን አለች? ምን አለች?» ትላለች። ጌታሰው ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም። በመጨረሻ እጆቿ ቀስ ብለው ተነሡ።

ኪቲላ ጥሩ ሰው ነው አለች፤ ክፉ አላየሁበትም። ግን መቱ ስመጣ ከአንተና ከእማማ በቀር ማን ያወራኛል? ገበያ ስወጣ ሰው ሁሉ ሲያዝንልኝ ነው የማየው። እዚህ ጠዋት ስገባ ልጆቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ያወሩኛል፤ ዝም በሉ ብዬ እቆጣለሁ። ቤቴ እዚህ ነው አባባ።

ታዲያ ለምን እሺ ብለሽ ጻፍሽ? አላት በእጁ።

ላንተ ዓይን ብዬ አለችው። ስትጠጋ፣ ስትጠጋ፣ አሁን አሁንማ ግንባርህን ብቻ ነው የማየው። ዓይንህ ከጠፋ በዚህ ስክሪን እንዴት እናወራለን? አጠገብህ ብሆን ግን እጄን በእጅህ እየያዝክ ትሰማኛለህ ብዬ ነው።

ጌታሰው ፊቱን አዞረ። እንባው እንዳይታያት ብሎ ነው፤ ግን ፊቱን ካዞረ እሷን አያይምና መልሶ ዞረ። ለእኔ ዓይን ብለሽ ባል አታገቢም አላት። ዓይኔን ጅማ ሄጄ እታከማለሁ። ስንት ጊዜ አልከኝ አለችው። ዘንድሮ እሄዳለሁ፣ ሙች አላት። ተቀየምከኝ? አለችው። እንዴት ብዬ፣ አላት። ሻሽቱ ከትከሻው በላይ ጎንበስ ብላ በምታውቃት ግማሽ ቋንቋ «ብርድ ልብስ ደርቢ» የሚለውን ስትነግራት ሦስቱም ሳቁ፤ ሦስቱም እያለቀሱ ነበር።

በረንዳው ላይ ኪቲላ ጃንጥላውን ሳይዘረጋ ቆሟል። ጌታሰው ወጣና አጠገቡ ቆመ። ወጉ መልሱን ለኦቦ ሰቦቃ እንጂ ለሱ እንዲነግር አይፈቅድም።

«ሠራ ጋሼ?»

«ሠራ። ጥርት ብሎ።»

ኪቲላ የጌታሰውን ዓይን አየ። ወደ ዝናቡ ዞሮ «ደስተኛ ናት እዚያ?» አለ።

«ደስተኛ ናት ልጄ። ልጆቿ ጋ ደስተኛ ናት።» ከዚያ ጌታሰው ወጉን ጣሰው፤ ይኼን ልጅ እስከ ነገ በተስፋ ማሳደር አንጀቱ እንቢ አለው። «እሺ ብላ የጻፈችው ለኔ ዓይን ፈርታ ነው። እንዳይጠፋ። አጠገቤ ልትሆን። ዘንድሮ ጅማ ሄጄ ልታከመው ቃል ገባሁላት።»

ኪቲላ ራሱን ነቀነቀ። ሁለት ሰዎች ከዝናብ ሊጠለሉ ወደ በረንዳው ሲመጡ ቦታ ለቀቀላቸው።

«ጅማ ማን ይዞዎት ይሄዳል?» አለ።

«እ?»

«ለዓይንዎ። ብቻዎን መናኸሪያው ውስጥ ታርጋ አያዩም። ለሰኞ ፈቃድ እጠይቃለሁ፤ አክስቴ ቤት እናድራለን።»

ጌታሰው ወደ እሱ ዞረ። «አንተ ልጅ፣ ነገ ሽማግሌዎቹ ይዘውልህ የሚመጡትን እኮ አውቀኸዋል።»

«አውቄዋለሁ ጋሼ» አለ ኪቲላ፣ ጃንጥላውን እየዘረጋ። «እሷ እንዳሰበችው ነው የሆነው፤ ደግ ነው። የእርስዎ ዓይን ደግሞ ለብቻው ነው። ሰኞ ጠዋት መናኸሪያው በር ላይ ይጠብቁኝ።»